ከአምላኪው ወደ አምላኩ፦ ለሚና ጨዋታ ዓለም አማልክትንና ምእመናንን የማዘጋጀት መመሪያ

ይህ መመሪያ የተጻፈው በፒያሳ፣ በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ አካባቢ በየካፌውና በየጓደኛ ቤት እየተሰበሰቡ የሚና ጨዋታ ለሚጫወቱ፣ ከእነርሱም መካከል የራሳቸውን ምናባዊ ዓለም ለመሥራት ለተነሡ ጨዋታ መሪዎች ነው። ጨዋታው በወረቀት፣ በዳይስና በንግግር እንደሚካሄድ፣ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ እንደሚናገርና ጨዋታ መሪው የቀረውን ዓለም ሁሉ እንደሚወክል አንባቢው አስቀድሞ ያውቃል በሚል ነው የምጽፈው።

ብዙ ጊዜ አማልክት የሚዘጋጁት ከላይ ወደ ታች ነው። ጨዋታ መሪው ስም ያወጣል፤ አንዱን የጦርነት፣ ሌላውን የባሕር፣ ሦስተኛውን የሞት አምላክ ብሎ ድርሻ ያከፋፍላል፤ ዓርማ ይሥላል፤ ማን ከማን እንደተወለደ ረጅም የትውልድ ሐረግ ይጽፋል። ተጫዋቾቹ ግን ከዚህ ሁሉ ጋር የሚገናኙበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። እነርሱ የሚያገኙት በዚህ ቀን እህል አልሸጥም የምትል ሴት፣ ድልድዩን ከመሻገሩ በፊት ቆሞ የሚያጉተመትም በቅሎ ነጂ፣ የመቅደሱ ቁልፍ የእኔ ነው በሚል የሚካሰሱ ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው። ስለዚህ ሥራውን ከአምላኪው መጀመርና አምላኩን ምእመናኑ ከሚያደርጉት፣ ከሚፈሩትና ከሚከለከሉት ነገር ማውጣት ይገባል።

መጀመሪያ፦ ከተጫዋቾቹ ጋር ስምምነት ማድረግ

በአዲስ አበባ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊምና ፕሮቴስታንት አብረው ይቀመጣሉ፤ ሁሉም እምነቱን ከልቡ የያዘ ሊሆን ይችላል። ስለ አማልክት የሚጫወት ሰው የማንንም እምነት እንደማይነካ አስቀድሞ በግልጽ መነገር አለበት። ሦስት ነገሮችን በቃል ተስማምተው ይጀምሩ። አንደኛ፣ በሕይወት ያለ ሃይማኖት ስም፣ ቅዱሳኑ፣ መላእክቱና ቅዱሳት ንዋያቱ ወደ ጨዋታው አይገቡም፤ ይህ ጥበቃ ለዋቄፈና እምነትና ለሌሎችም አገር በቀል እምነቶች እኩል ይሠራል፤ ምእመናኑ ዛሬም አሉና። ሁለተኛ፣ በጠረጴዛው ላይ «እግዚአብሔር» እና «አላህ» የሚሉት ስሞች ለምናባዊ አምላክ አይሰጡም፤ «አምላክ»፣ «አማልክት»፣ «መንፈስ» በቂ ናቸው። ሦስተኛ፣ ገጸ ባሕርዩ ለማንም አማልክት እንዳይሰግድ የሚፈልግ ተጫዋች ምክንያቱን ሳይጠየቅ ይፈቀድለታል፤ እንዲያውም በምእመናን መካከል የሚኖር የማይሰግድ ሰው ለታሪኩ ብዙ ይጠቅማል።

የጨዋታውን ቀን ሲቆርጡም እሑድ ጠዋትንና የዓርብን የጁምዓ ሰላት ሰዓት ይተዉ፤ ረቡዕና ዓርብ ላይ ከዋለ ደግሞ በጠረጴዛው ላይ የሚቀርበው የጾም ይሁን።

ሁለተኛ፦ ከአደጋ መነሣት

በዓለምዎ ውስጥ አንድ ከተማ ይምረጡና ኑሯቸው አደጋ ላይ የተመሠረተ ሦስት ዓይነት ሰዎችን ይጻፉ። ከእያንዳንዱ ስም ፊት ለፊት፣ በገዛ ጥረታቸው ሊያስወግዱት የማይችሉትን አንድ ነገር ያስፍሩ። ሰው የሚለምነው እጁ ያልደረሰበትን ነው።

ለምሳሌ ያህል «ሰርገዛ» የምትባል፣ በጥልቅ ገደል አፋፍ ላይ የተቆረቆረች ምናባዊ ከተማ እንውሰድ። ገደሉን የሚያሻግር አንድ የገመድ ድልድይ ብቻ አለ። ሲራራ ነጋዴዎችና በቅሎ ነጂዎች በዚያ ያልፋሉ፤ የሚፈሩትም ከሸለቆው በድንገት የሚነሣውን ነፋስ ነው። ገበያተኞች የሚፈሩት የሐሰት ሚዛንን ነው። አዋላጆች የሚፈሩት ሌሊቱን የሚረዝም ምጥ ነው። ሦስት አማልክት ለመውለድ ይህ ይበቃል፤ ከሦስት በላይ ለመጀመሪያው ዘመቻ፣ ማለትም በብዙ ምሽቶች ለሚቀጥለው የመጀመሪያ ታሪክ፣ አያስፈልግም። ሃያ አማልክት ካዘጋጁ ተጫዋቾቹ የሁሉንም ስም ስለማይዙ ከሃያዎቹ አንዱም አይፈራም።

ሦስተኛ፦ የምእመኑን አንድ ቀን መጻፍ

የሥራው ዋና ክፍል ይህ ስለሆነ ጊዜ ይስጡት። ከመጻፍዎ በፊት ከቤት ወጥተው መመልከት ይጠቅማል። በወሩ በ23ኛው ቀን ጠዋት ፒያሳ ጊዮርጊስ አካባቢ የቆመ ሰው እምነት በጎዳና ላይ ምን እንደሚመስል ያያል። ጧፍ የያዙ ሻጮች ከበሩ ግራና ቀኝ ይሰለፋሉ፤ አንዱ ነጠላውን አስተካክሎ ጫማውን አውልቆ ይገባል፣ ሌላዋ ከአጥሩ ውጭ ቆማ ግንቡን ተሳልማ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች፤ በሚኒባስ የሚያልፉት ደግሞ ወሬያቸውን ለአፍታ ገታ አድርገው ያማትቡና ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ጥላ ዘቅዝቀው ለሕንፃ ማሠሪያ የሚለምኑ፣ ምጽዋት የሚጠብቁ፣ ገብቶ እስኪወጣ ድረስ የሰው ዕቃ የሚይዙ አሉ። ዓርብ ቀትር ላይ በኒ መስጊድ አካባቢ ሲያልፉ ደግሞ የሱቅ በር ገርበብ ሲልና ሰው በጥድፊያ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄድ ያያሉ።

ከዚህ የሚወሰደው ቅዱሱ ነገር ራሱ አይደለም፤ እርሱ ለባለቤቶቹ ይተው። የሚወሰደው ትምህርት፣ አምልኮ በአንድ ጊዜ በብዙ መጠን እንደሚገለጥ ነው፦ ከሙሉ ሥርዓት ጀምሮ በሚኒባስ መስኮት እስከምትደረግ አፍታ ድረስ። ምናባዊ አምላክዎም ቢያንስ ሦስት መጠን ያለው አምልኮ ይኑረው፤ ትልቅ፣ መካከለኛና እየሄዱ የሚፈጸም። ተጫዋቾቹ በየጊዜው የሚያዩት ይህንን የመጨረሻውን ስለሆነ በጥንቃቄ ይምረጡት።

የሰርገዛ በቅሎ ነጂዎች ከድልድዩ አፍ ላይ ሲደርሱ ከለበሱት ልብስ አንድ ክር መዝዘው በገመዱ ላይ ያስራሉ። ድልድዩ መሐል ላይ ወደኋላ ዞሮ ማየት ነውር ነው። ሁለት ሲራራዎች ሲተላለፉ አንዱ «ማዶ ያገናኘን» ሲል ሌላው «ወዲህም ይመልሰን» ይላል። የከተማው ሰው የሞተ ዘመዱን ሲያነሣ «ተሻገረ» ይላል። እስከዚህ ድረስ ስለ አምላኪቱ ማንነት አንድ ቃል አልተጻፈም፤ ነገር ግን ናሁራ የምትባል የመሻገሪያ እመቤት እንዳለች፣ መመለስን እንደማትወድ፣ ሰውም ከራሱ ትንሽ ነገር ትቶላት ማለፍ እንዳለበት ከወዲሁ ታውቋል። ስሙን በመጨረሻ ያውጡት፤ ተጫዋቾች ሳይደናቀፉ ጮክ ብለው የሚጠሩት፣ ከሁለትና ሦስት ፊደል ያልበለጠ ይሁን።

አራተኛ፦ ስለትን የጨዋታው ሕግ ማድረግ

በብዙ የሚና ጨዋታዎች ውስጥ አምልኮ የካህኑ ገጸ ባሕርይ ጉዳይ ብቻ ሆኖ ይቀራል። «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተባለው የታወቀ የሚና ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1974 ሲታተም ካህን ከሦስቱ የመጀመሪያ የገጸ ባሕርይ መደቦች አንዱ ነበር፤ ተዋጊውና አስማተኛው ግን ከአማልክት ጋር ጉዳይ እንዲኖራቸው የሚያስገድድ ነገር አልነበረም። እኛ ግን ለዚህ የተዘጋጀ መሣሪያ በእጃችን አለ። ስለት ያለበት ዘመድ የሌለው ተጫዋች ማግኘት ያስቸግራል፤ ስለት ምን እንደሆነ፣ ሲሰምር ምን እንደሚደረግ፣ ሳይከፈል ሲቆይ ሰው እንዴት እንደሚጨነቅ ማንም ማብራሪያ አያሻውም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ገጸ ባሕርይ ከባድ ነገር ሲያጋጥመው፣ ዳይሱ ከመጣሉ በፊት ተጫዋቹ ስለቱን በገጸ ባሕርዩ አንደበት ጮክ ብሎ ይናገራል፤ «ናሁራ ሆይ፣ ይህን ገደል በሰላም ካሻገርሽኝ የበቅሎዬን ጭነት እኩሌታ አመጣልሻለሁ» እንደማለት። ከዚያ ባለ ሃያ ገጹን ዳይስ ሁለት ጊዜ ይጥልና የሚሻለውን ይወስዳል። ጨዋታ መሪው ወዲያውኑ በትንሽ ካርድ ላይ ሦስት መስመር ይጽፋል፦ ምን እንደተሳለ፣ እስከ መቼ እንደሚከፈል፣ ሲሳል ማን እንደሰማ። ካርዱ በተጫዋቹ ፊት ተቀምጦ ይቆያል። ያ ስለት ሳይከፈል በዚያው አምላክ ሌላ ስለት መሳል አይቻልም። ዳይሱ ካልቀና፣ ማለትም የተለመነው ካልሆነ፣ ዕዳ የለም፤ ካርዱ ይቀደዳል።

ሁለት ነገሮችን በጥብቅ ይጠብቁ። የሚሳለው ነገር ለገጸ ባሕርዩ የሚያጎድለው መሆን አለበት፤ ሺህ ወርቅ ያለው ሰው አሥር ወርቅ ቢሳል ምእመናኑ ራሳቸው ይታዘቡታል። ሁለተኛውና ዋናው፣ ስለቱ በቀኑ ሳይከፈል ቢቀር ከሰማይ መብረቅ አያውርዱ። ቅጣቱ በሰዎች በኩል ይምጣ። ስለቱን የሰማው በቅሎ ነጂ ለሌላው ነግሮታል፤ ድልድይ ጠባቂው «አንተ ዛሬ አታልፍም፣ ገመዱን ታስቆጣብናለህ» ይላል፤ ማደሪያ ቤቷ ባለቤት ፍራሽ የለኝም ትላለች። ተጫዋቹ አምላኪቱ መኖሯን ቢጠራጠር እንኳ ምእመናኗን ሊጠራጠር አይችልም።

ስለት በነገሥታት ደረጃ ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ አክሱም መመለስ ይቻላል። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት ባስጻፋቸው የድንጋይ ጽሑፎች ራሱን «በጠላት የማይሸነፈው የማሕረም ልጅ» ብሎ ይጠራል፤ በቤጃዎች ላይ ከተደረገው ዘመቻ በኋላም ለዚህ አምላክ አንድ የወርቅ፣ አንድ የብርና ሦስት የነሐስ ምስል በምስጋና እንዳቆመ ይናገራል። ጦርነቱ፣ ድሉና የተከፈለው ነገር በአንድ ድንጋይ ላይ ተጽፈው የቆሙት አላፊ አግዳሚው እንዲያነብባቸው ነው። በዓለምዎ ውስጥ ያሉ ገዢዎችም ስለታቸውን በአደባባይ እንዲከፍሉ ያድርጉ፤ ከዚያም የወርቁ ምስል አንድ ሌሊት ይጥፋ፤ ይህ ብቻውን የሦስትና የአራት ምሽት ጨዋታ ይወጣዋል።

አምስተኛ፦ አገልጋዮቹ

ከሊቀ ካህናቱ አይጀምሩ። ቁልፍ ያዡን፣ ስጦታ ተቀባዩን፣ ደጅ የሚጠናውንና ከአገልግሎት የተባረረውን ይጻፉ፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ ፍላጎት ይስጡ። ተጫዋቾች ወደ መቅደስ ሲመጡ የሚያነጋግሩት እነዚህን ነው።

ከተጫዋቾቹ አንዱ ካህን መሆን ከፈለገ የመለኮታዊ ኃይሉን ዘርፍ ከምእመናኑ ችግር ያውጡለት። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ እትም በዋናው የተጫዋቾች መጽሐፉ ለካህናት ሰባት ዘርፎች ያቀርባል፦ እውቀት፣ ሕይወት፣ ብርሃን፣ ተፈጥሮ፣ ማዕበል፣ ማታለልና ጦርነት። የናሁራ ካህን ማዕበልን ቢይዝ ተገቢ ነው፤ መብረቅ ስለሚያምር ሳይሆን በቅሎ ነጂዎቹ ከእርሱ የሚጠብቁት ነፋሱን እንዲያበርድ ስለሆነ ነው። ይህን ሲያውቅ ካህኑ ከተማ በገባ ቁጥር የሚለምኑት ሰዎች ይኖሩታል፤ እምቢ ለማለትም ምክንያት መስጠት ይኖርበታል።

ስድስተኛ፦ አምላኩ ይመልሳል ወይ?

ካህን ጸልዮ ቁስል በሚፈውስበት ዓለም «አማልክት አሉ ወይስ የሉም?» የሚለው ክርክር ብዙ አያስኬድም፤ ፈውሱን ሁሉም ያየዋል። የሚያስኬደው ክርክር ሌላ ነው፦ አምላኩ የማን ነው፣ ያለው ምንድን ነው፣ በስሙ መናገር የሚፈቀድለትስ ማን ነው? ጨዋታ መሪው ይህን ልዩነት ከያዘ በመቅደሶቹ ውስጥ የሚካሄደው ጠብ ሁሉ ሕይወት ይዘራል። ስለዚህ አምላክዎን ቢያንስ በመጀመሪያው ዘመቻ በገዛ አንደበቱ አያናግሩት። ምልክት ይስጥ፤ ምልክቱም ሁለት ፍቺ ይኑረው። በድልድዩ ላይ የታሰሩት ክሮች ሁሉ በአንድ ሌሊት ቢበጠሱ፣ ወጣቶቹ በቅሎ ነጂዎች «ዕዳችንን ማረችልን» ይላሉ፣ ሽማግሌዎቹ «ስጦታችንን ናቀችው» ይላሉ፤ እርስዎም ለማንም አይፍረዱ።

ለአማልክት የሕይወት ነጥብ፣ ማለትም ከመሞታቸው በፊት ምን ያህል ጉዳት እንደሚችሉ የሚለካ ቁጥር፣ መስጠትንም አልደግፍም። እ.ኤ.አ. በ1976 ለዚያው ጨዋታ የወጣው ተጨማሪ ጥራዝ የልዩ ልዩ ሕዝቦችን አማልክት ከነሕይወት ነጥባቸው ዘርዝሮ ነበር፤ ቁጥር የተሰጠው ነገር ሁሉ ደግሞ ተጫዋቹን «ስንት ብመታው ይወድቃል?» ብሎ እንዲያሰላ ይጋብዘዋል። መገደል ያለበት ነገር ካለ አውሬ ይሁን።

ሰባተኛ፦ ሁለት እምነቶችን በአንድ ጉዳይ ማጋጨት

አማልክት በሰማይ ተጣሉ የሚል አፈ ታሪክ ለተጫዋቾች ሩቅ ነው። ጠቡን ወደ አንድ ተጨባጭ ሙግት ያውርዱት። በሰርገዛ ገበያተኞች የሚያመልኩት ቆማን የሚዛን ምስክር ነው፤ ሰው የሚምለው የመመዘኛውን ድንጋይ ጨብጦ ነው፣ የተማለለት ዕዳም ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። የናሁራ ሰዎች ግን ከድልድዩ ወድቆ የሞተ ሰው ዕዳውን ይዞት ወርዷል፣ ከልጁ መጠየቅ ኃጢአት ነው ይላሉ። አሁን አንድ ነጋዴ ከነበቅሎው ገደል ገባ፤ አራት መቶ ብር ዕዳ ነበረበት፤ አንዲት የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ትቶ ሄዷል። አበዳሪው ክፉ ሰው አይደለም፣ እርሱም ቤተሰብ ያስተዳድራል። ተጫዋቾቹ በዚህ ጉዳይ ሽምግልና ቢቀመጡ ሰይፍ ሳይመዘዝ አንድ ሙሉ ምሽት ያልፋል።

የእምነት መለወጥን ለሚፈልግ ደግሞ አሁንም አክሱም ጥሩ ምሳሌ ነው። ያው ኢዛና በኋለኛው ጽሑፉ ድሉን የሚሰጠው ለሰማይ ጌታ ነው፤ በአክሱም ገንዘብ ላይ የነበሩት ጨረቃና ክብ ምልክትም በመስቀል ተተክተዋል። በትግራይ የሚገኘው የይሐ ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ደግሞ እስከ ዛሬ ቆሞ ሊታይ የቻለው ኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ስላገለገለ ነው። በዓለምዎ ውስጥ አዲስ እምነት ሲመጣ አሮጌውን መቅደስ አያፍርሱት፤ ሰው በሌላ ስም ይግባበት፣ አንዲት አሮጊት ግን በድሮው በር በኩል መግባቷን አትተው። ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ሲወጡ ብሔራዊ ሙዚየም ገብተው ከክርስትና በፊት የነበሩትን ሐውልቶችና የዕጣን መሠዊያዎች ቢመለከቱ፣ የመሠዊያ መጠንና ቅርጽ ለመግለጽ የሚጠቅም ብዙ ነገር ያገኛሉ።

ስምንተኛ፦ የበዓላት መቍጠሪያ

የራሳችን የዘመን አቈጣጠር ለዚህ ሥራ እጅግ የተመቸ ነው። ዐሥራ ሁለቱ ወራት እኩል ሠላሳ ሠላሳ ቀን ስላላቸው ሒሳቡ አያስቸግርም፤ በየወሩ በተመሳሳይ ቀን የሚከበር በዓልም ለማንም ተጫዋች እንግዳ አይሆንም። የወሮቹን ስም ይለውጡ፣ ቅርጹን ይያዙ። ለእያንዳንዱ አምላክ አንድ ወርኃዊ ቀን ይስጡ፤ ከቅዱሳን የታወቁ ቀናት ጋር እንዳይገጥም ግን ይጠንቀቁ። ናሁራን በ9፣ ቆማንን በ26 አድርገናል። በ9 ማንም ከድልድዩ ላይ ቀረጥ አይከፍልም፤ በ26 ማንም አዲስ ብድር አይወስድም። ተጫዋቾቹ ጉዟቸውን ሲያቅዱ ቀኑን መጠየቅ ይጀምራሉ፤ ስለቶችም ሁሉ «እስከሚመጣው 9» ተብለው ቀን ይቈረጥላቸዋል።

ጳጉሜን የምትመስለውን አምስት ወይም ስድስት ቀን ግን የማንም አምላክ እንዳትሆን አድርገው ይተዉአት። በእነዚህ ቀናት ስለት አይያዝም፣ መሐላ አይጸናም፣ ድልድዩም ላይ ክር አይታሰርም። በዚያች ሳምንት ለመሻገር የተገደደ ሰው ብቻውን ነው፤ የዘመቻውን ከባድ ጉዞ እዚያ ያድርጉት።

ዘጠነኛ፦ ለመጀመሪያው ምሽት መዘጋጀት

የጻፉትን ሁሉ ለተጫዋቾቹ አያድሉ። ለእያንዳንዱ አምላክ በግማሽ ገጽ የሚሰፍር አንድ ወረቀት ያዘጋጁ፤ በላዩ ላይ ሰላምታው፣ እየሄዱ የሚፈጸመው አምልኮ፣ አንድ ክልክል ነገርና ወርኃዊው ቀን ብቻ ይኑር። አራት ኪሎ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ በተጫዋቾቹ ቁጥር ያባዙት። አፈ ታሪኩ፣ የሽማግሌዎቹ ጠብና የምልክቶቹ ፍቺ በእርስዎ ደብተር ውስጥ ይቆይ።

የመጀመሪያውን ምሽት ከአምላኩ ወይም ከመቅደሱ ሳይሆን ከድልድዩ አፍ ይጀምሩ። አንድ በቅሎ ነጂ ከፊታቸው ቆሞ ክር ይምዘዝ፤ ከኋላቸው የተሰለፉት ይጠብቁ፤ ማንም ምን እንደሚደረግ አይንገራቸው። ክር የመዘዘውንና ዝም ብሎ ያለፈውን ገጸ ባሕርይ ስም በደብተርዎ ይያዙ። ማዶ የሚጠብቋቸው ሰዎች አቀባበል ከዚያ ዝርዝር ይነሣል። ጨዋታው ሲያበቃ ያልተከፈሉትን የስለት ካርዶች ከየተጫዋቹ ይሰብስቡና በአንድ ክላሴር ያኑሯቸው፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ዳይስ ከመውጣቱ በፊት በየባለቤቱ ፊት መልሰው ያስቀምጧቸው።